ውሃ ላይ ማደር

ወደ ደብረ ማርቆስ በምወጣበት ጊዜ ሁሉ ዘመድ ወዳጅ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቀኝ፣ «ለመሆኑ ሌሊት ውሃ ላይ እንቅልፍ እንዴት ይወስድሃል?» እያለ ነው። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ መሆኑን ስለማውቅ አልቀየምበትም። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ተወልዶ፣ ጮቄን እያየ፣ ገብሱንና ጤፉን እያረሰ የሚኖር ሰው ውሃን የሚያውቀው በክረምት ከብት የሚወስድ ጎርፍ፣ በበጋ ከምንጭ በእንስራ የሚቀዳ፣ በጥምቀትም ተባርኮ የሚረጭ ሆኖ ስለ ሆነ፣ ቤትን በውሃ ላይ ማድረግ ከተፈጥሮ ሥርዓት የወጣ ነገር መስሎ ቢታየው አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ግልገል አባይን ከሰከላ አፍልቆ ወደ ጣና የሚሰድድ፣ ታላቁንም አባይ ከጣና ተቀብሎ ዙሪያውን አስከብቦ የሚሸኝ አገር ልጅ በውሃ ኑሮ እንግዳ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝነኛልና፣ ይህችን ማስታወሻ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

እኔ የማቻከል ልጅ ነኝ፤ ሥራዬም በጣና ሐይቅ ላይ የጭነትና የመንገደኛ ጀልባ መምራት ነው። ከባሕር ዳር ተነሥተን ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነካን እስከ ጎርጎራ በምንዘልቅባቸው ቀኖች ማደሪያችን ጀልባዋ ራሷ ናት። ከናፍጣው በርሜል ራቅ ብላ የተቀመጠች የከሰል ምድጃ ማእድ ቤታችን ናት፤ በፊተኛው ወለል ላይ የተነጠፈው ሰሌን፣ በላዩም የተወጠረው አጎበር መኝታችን ነው፤ በመካከል ደግሞ ጤፉ በኩንታል፣ ቡናው በጆንያ፣ አንዳንድ ጊዜም እግራቸው የታሰረ በጎች አብረውን ያድራሉ። ሐይቁ በቁመቱ 84 ኪሎ ሜትር፣ በወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ሠላሳ ሰባት ያህል ደሴቶች ስላሉበት፣ መልሕቅ የሚጣልበት ጥግ አይጠፋም።

በዓለም ላይ ይህን ኑሮ በፈቃዳቸው መርጠው፣ ቤታቸውን ሸጠው፣ በሸራ ጀልባ ከአንዱ የሞቃት ባሕር ደሴት ወደ ሌላው እየተሻገሩ ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉ ሰዎች መኖራቸውን አንባቢው ሳይሰማ አይቀርም። ከመንገደኞቼ መካከል እንዲህ ባለ ኑሮ ብዙ ዓመት የቆዩ አዛውንት ባልና ሚስት አጋጥመውኝ፣ ወደ ናርጋ ሥላሴ ስንሄድ መንገዱን ሁሉ ስለ ካሪብያን ደሴቶች ሲያጫውቱኝ ነበር። ከሰሜን ምሥራቅ ሳያቋርጥ የሚነፍሰው ነፋስ ሸራቸውን ሞልቶ ሲነዳቸው የሚገኘውን ደስታ ሲነግሩኝ፣ ከሰኔ እስከ ኅዳር ባለው ወራት ደግሞ አውሎ ነፋስ የሚነሣበት ጊዜ ስለ ሆነ ወደ ደቡብ ሸሽተው ወይም በተከለለ ወደብ ተጠግተው እንደሚያሳልፉት፣ የሚጠጣውንም ውሃ በኩባያ እየለኩ እንደሚካፈሉት አልሸሸጉኝም። ከሁሉ የከበዳቸው ምን እንደ ነበረ ብጠይቃቸው፣ እኔ ማዕበሉን ይጠሩልኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ሴትዮዋ፣ «ጨው ነው እንጂ ማዕበሉስ ያልፋል፤ ጨው ግን ገመዱንም፣ ብረቱንም፣ ልብሱንም ሲበላ ያድራል» አሉኝ። በዚህ ነገር እኛ የጣና ሰዎች የታደልን ነን። የምንሄድበት ውሃ ያው የምንታጠብበትና አፍልተን የምንጠጣው ነውና፣ በውሃ ተከቦ በውሃ ጥም መሰቃየትን አናውቅም።

ነገር ግን እኒያ አዛውንት የነገሩኝ ሁሉ ሲጠቃለል የሚያመለክተው፣ በውሃ ላይ የሚኖር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ቤቱ በምን እንደ ተያያዘ ማወቅ እንዳለበት ነው። ጆሹዋ ስሎከም የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1895 ከቦስተን ተነሥቶ፣ ብቻውን በሸራ ዓለምን ዞሮ በ1898 ወደ አገሩ ሲመለስ፣ በታሪክ የመጀመሪያው ሆኖ ስሙ ተጽፏል። የተጓዘባት «ስፕሬይ» የምትባል 11 ሜትር ያህል የምትረዝም ጀልባ በሜዳ ላይ ተጥላ የበሰበሰች አሮጌ ዕቃ የነበረች ስትሆን፣ እንጨቷን እየለወጠ እንደ አዲስ የሠራት እርሱ ራሱ ነበር። እኔ ስለዚህ ሰው ባሰብሁ ቁጥር ከጉዞው ይልቅ ይህ ሥራው ይበልጥ ይማርከኛል። ሳንቃውን በገዛ እጁ የመታ ሰው ሌሊት አንዳች ድምፅ ሲሰማ ከየትኛው ሳንቃ እንደ መጣ ያውቃልና።

የእኛም ሌሊት እንዲሁ ነው። ለዘመዶቼ ጥያቄ እውነተኛው መልስ፣ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ነገር ግን ጆሮዬ አይተኛም የሚል ነው። መልሕቁ ሲይዝና ሲጎተት ገመዱ የሚሰጠው ድምፅ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ፣ ሃያ ጊዜ የማያነቃኝ መናወጥ በሃያ አንደኛው ያነቃኛል። ከመተኛቴ በፊት የጀልባዋን ሆድ ከፍቼ የገባውን ውሃ በእጄ መለካት፣ ስነሣም እንደገና መለካት ልማዴ ነው። በማታና በጧት መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ጣት ከሆነ ሥራው ይቀጥላል፤ ስንዝር ከሆነ ግን ጭነት አይጫንም። ይህን ረዳቶቼ ሁሉ ያውቁታል፤ የነጋዴም ጩኸት አይለውጠውም።

ስለ ነፋሱም ጥቂት ልናገር። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም። እንዲህ ያለ ውሃ ደግሞ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል፤ የሚያስነሣውም ሞገድ እንደ ውቅያኖስ ረጅምና ዝግ ያለ ሳይሆን አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ስለ ሆነ፣ ከአንዱ ሳይወጡ ሁለተኛው ይደርሳል። ጧት መስታወት የመሰለውን ሐይቅ አይቶ የተነሣ እንግዳ ከቀትር በኋላ የሚነሣውን ነፋስ ስለማያውቅ ካፒቴኑ በጨለማ ለምን እንደሚጣደፍ አይገባውም። እኛ ግን ረጅሙን መንገድ በማለዳ ጨርሰን፣ ከሰዓት በኋላ ከአንድ ደሴት ጥግ መግባትን እንመርጣለን፤ ከባዱን ጭነት ወደ ታች፣ ሰውን ወደ መካከል እናደርጋለን። ከሞገዱ ጋር ጎን ለጎን መቆም ግን በማናቸውም ምክንያት አይፈቀድም።

በጀልባ ላይ ለሚኖሩ ሰዎች ሌላው ፈተና እርስ በርስ መቻቻል ነው። በየብስ የተጣላ ሰው በሩን ዘግቶ ይሄዳል፤ በጀልባ ላይ ግን ጧት የተሰደበው ሰው ማታ ከሰዳቢው ጋር በአንድ ገበታ ይቀርባል። ስለዚህ ቂም እንዳለ ገመድ አይፈታም የሚል ሕግ አውጥቻለሁ፤ ዕርቁ አንዳንድ ጊዜ ጉዞውን ቢያዘገየውም ተጸጽቼበት አላውቅም። ይህን ሥርዓት የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከደሴቶቹ አባቶች ነው። በዳጋ እስጢፋኖስ፣ በክብራን ገብርኤል፣ በጣና ቂርቆስ የሚኖሩት መነኮሳት ዘመናቸውን ሁሉ በጠባብ መሬት ላይ በማኅበር የሚኖሩ ስለ ሆኑ፣ ከጸሎት በፊት መታረቅ ለእነርሱ የሕይወት መሠረት ነው። ከድንጋይ የተሠራው ደወላቸው በሌሊት ሲመታ ድምፁ በውሃ ላይ ሩቅ ይሄዳል፤ በጨለማ ለሚያልፍ ጀልባም ደሴቱ በየት በኩል እንዳለ ያመለክታል።

ስለ እነዚህ ገዳማት ሲነገር ስለ ብራናዎቹ፣ ስለ ሥዕሎቹ፣ በዳጋ ስላረፈው የነዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የነዐፄ ፋሲል ዐፅም፣ በሬማ መድኃኔ ዓለም ስለ ተቀበሩት ስለ ዐፄ ሠርፀ ድንግል ብዙ ይባላል፤ መባሉም ተገቢ ነው። እኔ ግን በሙያዬ ምክንያት ሁልጊዜ የማስበው፣ ይህ ሁሉ ንዋየ ቅድሳት በምን ተሻገረ የሚለውን ነው። የግራኝ አሕመድ ጦርነት በሆነበት በ16ኛው ምእተ ዓመት፣ ከየብስ አድባራት የሸሸው መጽሐፍና መስቀል ወደ ደሴቶቹ ሲገባ፣ ሞተርም ሳንቃም አልነበረም። የነበረው ከሐይቁ ዳር የሚበቅለው ደንገል፣ ደንገሉንም አስሮ ታንኳ የሚያደርገው የነገደ ወይጦ ሕዝብ እጅ ነበር።

የታንኳ አሠራር በቅርብ ሆኖ ሲታይ እጅግ ያስደንቃል። ደንገል ከሰው ቁመት ሁለት እጥፍ በላይ የሚያድግ፣ ግንዱ ሦስት ማዕዘን የሆነ፣ ውስጡ ነጭና ቀላል፣ በጥቃቅን የአየር ጉድጓዶች የተሞላ ቄጠማ ነው። እርጥቡን ያሰረ ሰው ከባድና ሰነፍ ታንኳ ያገኛል፤ ስለዚህ ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ሠሪው እየመረጠ በነዶ በነዶ ያደርገዋል፤ ከመካከል ወፍራም፣ ከሁለቱ ጫፎች እየቀጠነ የሚሄድ እስር ይሠራል፤ እስሩን ከእስር ጋር እያጣመረ ከልጥ በተገመደ ገመድ ጭምቅ አድርጎ ይጠፍረዋል፤ አፍንጫውንም ወደ ላይ ያቀናዋል። በመካከሉ ሌላ የደንገል መደብ ይደለደልበታል፤ ቀዛፊውና ጭነቱ ከሚረጥበው ወለል ከፍ ብለው እንዲቀመጡ ነው። ቀዛፊው የሚይዘው ረጅም የቀርቀሃ ዘንግ ነው፤ አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ እያጠለቀ ይሄዳል። ሸራ የለውም፤ ምስማርም የለውም። ውሃ ቢገባበት አይሰጥምም፤ የሚያንሳፍፈው ባዶ ሆዱ ሳይሆን የተሠራበት ዕቃ ራሱ ነውና። እኔ የምመራት የብረት ጀልባ አንድ ቀዳዳ ከተከፈተባት ወደ ታች መውረዷ የማይቀር ሲሆን፣ ታንኳ ግን ቀስ በቀስ እየከበደ ለባለቤቱ ጊዜ ይሰጠዋል።

አንድ የወይጦ ሽማግሌ በባሕር ዳር ዳርቻ ሲጠፍሩ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ «አባባ፣ ይህ ምን ያህል ጊዜ ያገለግላል?» ብላቸው፣ ገመዱን በጥርሳቸው እንደ ያዙ በእጃቸው ታገሥ አሉኝና ቋጠሮውን ከጨረሱ በኋላ፣ «እንደ ያዡ ነው፣ ልጄ። ከሥራ ሲመለስ አውጥቶ ፀሐይ ላይ የሚያቆመው ሰው ወራት ይጠቀምበታል፤ ውሃ ላይ ትቶት የሚያድር ግን ቶሎ ይሰናበተዋል» አሉኝ። ቋጠሮውን በአውራ ጣታቸው ተጭነው እንዳይላላ ሲፈትኑት አየሁ፤ እኔም ጧት ጧት የመልሕቁን ገመድ የምፈትነው እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ቶር ሄየርዳል የተባለው የኖርዌይ ተመራማሪ፣ የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ነበረ በሥራ ለማሳየት በተነሣ ጊዜ፣ ሊቃውንቱ ደንገል በሁለት ሳምንት ውስጥ ውሃ ጠጥቶ ይበሰብሳል ብለው ሲከራከሩት፣ ደንገሉን ፈልጎ ያገኘው ከጣና ነበር። 12 ቶን የሚሆን የጣና ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ወደ ግብፅ ተጭኖ፣ በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ታንኳ ሠሪዎች እጅ 15 ሜትር የሚረዝም መርከብ ሆነ፤ ስሙም «ራ» ተባለ። በግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ሰባት ሰዎች ተሳፍረውበት ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሥቶ፣ ሸራውን ለዚያው አዛውንቶቹ ለነገሩኝ ነፋስ ሰጥቶ፣ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። ወደ ካሪብያን ደሴቶች ሲቃረብ ግን የኋላው ጫፍ እየዘቀጠ ማሠሪያው ተፈታ፤ ሰዎቹም ትተውት ወጡ። ምክንያቱ ሲመረመር ጥፋቱ ከደንገሉ እንዳልሆነ ታወቀ። በጥንቱ የግብፅ ሥዕል ላይ የሚታየው፣ ከፍ ያለውን የኋላ ጫፍ ወደ ወለሉ የሚወጥረው ገመድ ጥቅሙ ሳይታወቅ በመቅረቱ ነበር ጉዳቱ የደረሰው። አንድ ገመድ! በውሃ ላይ ያደረ ሰው ይህን ሲሰማ ሰውነቱ ይሸማቀቃል።

በዓመቱ ሁለተኛው «ራ» ዳግመኛ ከኢትዮጵያ በሄደ ደንገል፣ በዚህ ጊዜ ግን ከቦሊቪያ ከቲቲካካ ሐይቅ በመጡ የአይማራ ሠሪዎች ተጠፈረ። 12 ሜትር የምትሆነው ይህች ሐመር ከስምንት አገር የተውጣጡ ስምንት ሰዎችን ይዛ በግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሳፊ ተነሣች፤ ከ57 ቀን በኋላም 6,100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ባርባዶስ ደሴት ብሪጅታውን ወደብ ገባች። ቀኑ ሐምሌ 5፣ ቤተ ክርስቲያናችን ጴጥሮስ ወጳውሎስን የምታከብርበት ዕለት ነበር፤ ጴጥሮስም አስቀድሞ ዓሣ አጥማጅ እንደ ነበረ ማንም ያውቃል። ሁለት ሳምንት ብቻ ይቆያል የተባለው ደንገል በጨው ውሃ ላይ ሁለት ወር ያህል ስምንት ሰው ተሸክሞ፣ አሳድሮ፣ አብስሎ አበላ። መርከቡ ዛሬ በኦስሎ ሙዚየም ቆሞ ይታያል።

እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ የቻድ ሰው አለ፤ የቦሊቪያ ሰው አለ፤ ኖርዌያዊው፣ ጣልያኑ፣ ሩሲያዊው፣ ግብፃዊው፣ ሜክሲኮአዊው፣ ጃፓናዊው፣ ሞሮኮአዊው ሁሉ በየስሙ ተጽፏል። ከጣና ግን ደንገሉ ሄደ እንጂ ደንገሉን የሚጠፍረው ሰው አልሄደም። በዚህ የሌላውን አገር ሰው አልወቅስም፤ ሰው የሚፈልገው የታወቀለትን ነው፤ እኛ ደግሞ የነገደ ወይጦን ጥበብ ለራሳችንም አላሳወቅንም። ጉማሬ አዳኞች ነበሩ እየተባለ ከማኅበር ተለይተው፣ በገዛ ዳርቻቸው መሬት አጥተው፣ ታንኳቸውም የድኻ መሻገሪያ ተብሎ ሲናቅ፣ በዚያው ታንኳ የተሻገረውን ጽላትና መጽሐፍ የምናከብር ሰዎች ነን። ለእኔ ይህ ነገር የታሪክ ጉድለት ብቻ ሳይሆን የፍትሕ ጉድለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሻለቃ ቺዝማን እንኳ የጣናን ዳርቻና ደሴቶቹን በታንኳ እየዞረ መርምሮ መጽሐፍ አሳትሟል። የቆንስሉ ስም በየቤተ መጻሕፍቱ ሲገኝ፣ የቀዛፊዎቹ ስም የት አለ?

ጊዜውም አይጠብቀንም። ደንገሉ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነው፤ ውሃው ሲሸሽ ዳርቻው ይታረሳል፤ ከብት ይሰማራበታል። ካለፉት ዐሥር ዓመታት በላይ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው መጤ አረም በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ተንሰራፍቶ፣ ዓሣ አጥማጁን ከመረቡ፣ ጀልባውን ከወደቡ ሲለይ ኖሯል፤ ሥሩ በሞተሩ ምላስ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩን አጥፍቶ በቢላዋ እየቆረጡ መፍታት እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ሲያገባው ደስ ብሎኝ ነበር፤ መዝገቡ ግን አረም አይነቅልም።

የደጋው ወገኔም በዚህ የለሁበትም እንዳይል እለምነዋለሁ። በሐምሌና በነሐሴ በግልገል አባይ መግቢያ በኩል ሳልፍ ሐይቁ እስከ ሩቅ ድረስ ቀይ ቡናማ ሆኖ አገኘዋለሁ። የሰከላና የሜጫ ማሳ አፈር ነው፤ በየዓመቱ እየተከመረ አዲስ መሬት ሠርቶ ወደ ውሃው ይገፋል። በደጋ ላይ ያልተሠራ እርከን በእኔ መልሕቅ ሥር ጭቃ ሆኖ ይገኛል። ትናንት ጀልባ የሚጠጋበት ጥግ ዛሬ ወለሉ ሲነካ፣ ካፒቴኑ የሚያዝነው ስለ ጀልባዋ ብቻ አይደለም፤ ያ አፈር የዘመዱ እርሻ መሆኑን ያውቃልና።

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ሥልጠና ተቋም ከተከፈተ ወዲህ፣ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም፣ በደምበጫና በቡሬ የተወለዱ ወጣቶች የመርከብ መሐንዲስ ሆነው በሕንድ ውቅያኖስና በአትላንቲክ በታላላቅ መርከቦች ላይ ሲኖሩ ማየት ችለናል። አባቱ አባይን በድልድይ እንጂ በውሃ ያልተሻገረ ልጅ ዛሬ በባሕር ላይ ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ያድራል። ይህን ሳይ ልቤ ይሞላል። ወደ መርከብ ከመሄዳቸው በፊት ግን አንድ ነገር ቢጨመርላቸው እመኛለሁ። በበጋ፣ ደንገሉ ታጭዶ በሚደርቅበት ወራት፣ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከነገደ ወይጦ ሽማግሌዎች ሥር ተቀምጦ አንድ ታንኳ ከመጀመሪያው እስር እስከ መጨረሻው ቋጠሮ በእጁ ይጠፍር፤ ጠፍሮም ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርያም ደሴት ራሱ ቀዝፎ ይሻገርበት። ማጭዱን፣ ልጡንና ቀርቀሃውን እኔ አቀርባለሁ፤ በሚሻገሩበትም ቀን ጀልባዬን ይዤ ከጎናቸው እሄዳለሁ። ሽማግሌዎቹ ግን እንደ መምህር ተቆጥረው የመምህር ደመወዝ ይከፈላቸው፤ ስማቸውም በተማሪዎቹ የምስክር ወረቀት ላይ ከሌሎቹ መምህራን ስም ጋር ይጻፍ።